ማታ ማን ይጠይቀው?

ቡና በደረሰ ሰሞን በጋምቤላ ክልል ባለችው በመቲ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ እጅ የለም። ቀዩን እሸት የሚለቅም፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን የሚያገላብጥ፣ ደመና ሲያንዣብብ ሸራ የሚያለብስ ሰው ይፈለጋል። የልጅ እጅም ከዚሁ ይቆጠራል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ከክፍል የሚቀር ልጅ ቢኖር ቤተሰቡ «ማታ ማታ ቤት ሆኖ ያነባል፤ ያመለጠውን ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል» ይላል። ልጁም «እሺ» ይላል። ለቀማው ሲያልቅ ስንት ኪሎ ቡና እንደተሸጠና በስንት ብር እንደወጣ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ በእነዚያ ሳምንታት ስንት ገጽ እንዳነበበ ግን የሚያውቅ የለም።

ቡናው የታወቀው ስለተመዘነ ነው። ለቃሚው ማታ ማታ የለቀመውን ያስረክባል፤ ተረካቢው ይመዝናል፤ ይጻፋል። የልጁ ጥናት ግን የሚረከበው ሰው አልነበረም።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ርክክብ ነው። ቤት ውስጥ የሚማር ወይም የሚያጠና ልጅ ለሥራው ተጠያቂ እንዲሆን ምን ያስፈልጋል? ብዙ ወላጅ መልሱ ቁጣ፣ ቁጥጥር፣ አለዚያም የራስ ትምህርት ይመስለዋል። «እኔ ራሴ አልተማርኩ፣ ምኑን አይቼ እጠይቀዋለሁ?» የሚለው እናት ወይም አባት ጥቂት አይደለም። ዋናው መልስ ግን ከዚህ ይቀላል፤ በታወቀ ሰዓት የዕለቱን ሥራ የሚረከብ አንድ የታወቀ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ትምህርቱን ማወቅ የለበትም፤ መጠየቅ ግን አለበት።

ቤት ውስጥ የሚማረው ማን ነው?

በአሜሪካና በሌሎች አንዳንድ አገሮች የቤት ውስጥ ትምህርት ሲባል፣ ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ራሱ ሲያስተምረው ማለት ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ እምብዛም አይታይም። በሌላ መንገድ ቤት ውስጥ የሚማር ልጅ ግን ሞልቷል።

መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን መቀመጫ ናት። ዞኑ ጎደሬና መንገሺ የሚባሉ ወረዳዎች አሉት። የአካባቢው ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ደናማ አገር የሰው ቤት ተራርቆ ነው የሚገኘው፤ ክረምት ሲገባም መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ የገጠር ልጅ ብዙ ጊዜ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤቱ ስንቅ እየተላከለት ይማራል። ከክፍል ወጥቶ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለው ጊዜ ሁሉ የራሱ ነው፤ የሚያዝዘውም የሚጠይቀውም የለም።

በእነዚህ ላይ በቡና ለቀማ ሳምንታት የቀረውን ልጅ፣ ሐምሌና ነሐሴን ቤት የሚያሳልፈውን፣ ታሞ የሰነበተውን፣ 12ኛ ክፍልን በግል ተፈታኝነት ሊፈተን የሚዘጋጀውን ጨምሩ። በጦርነትና በጸጥታ ችግር ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ሕፃናትም አሉ፤ በትግራይና በአማራ ክልል ይህ ለብዙ ልጆች የወራት ሳይሆን የዓመታት ጉዳይ ሆኗል። የሁሉም ችግር መጨረሻው አንድ ነው። መምህሩና ደወሉ ሲቀሩ በእነርሱ ቦታ «የታለ? አሳየኝ» የሚል ሰው መተካት አለበት።

የኔታ ሳይቀበሉት የማይታለፍ ቀለም

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይመጣ በፊት የነበሩት ሁለቱ ታላላቅ ትምህርት ቤቶቻችን የቆሙት በዚሁ ርክክብ ላይ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ከሀሁ ይጀምራል፤ አቡጊዳን ይቆጥራል፤ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። አንዱን ሳይወጣ ሌላውን አይጀምርም። መውጣቱ የሚታወቀውም በተቀመጠበት ቀን ብዛት ሳይሆን በየኔታ ፊት ሲያሰማ ነው። የኔታ አንድ ናቸው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዳዊት የደረሰው ፊደል የሚቆጥረውን ያስጠናል፤ የኔታ ደግሞ ሁሉንም በየተራ ይሰማሉ። ከፍ ብሎ በቅኔ ቤትም ሥርዓቱ ያው ነው። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማሉ፤ የጎደለውን ያቃናሉ። ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው የለም። ሲመለስ ግን የሚነግረው ሊኖረው ይገባል።

በቁርኣን ትምህርት ቤት ደግሞ ሎህ አለ። ልጁ የዕለቱን ድርሻ በእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ይይዛል፤ ለአስተማሪው ያሰማል። ካለፈ ሰሌዳው ታጥቦ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። ካላለፈ አይታጠብም። ሎሁ የልጁ ደብተርም፣ የፈተና ወረቀቱም፣ የውጤት መግለጫውም ነው።

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ዱላ ያበዙ እንደነበር የተማሩባቸው ይናገራሉ። ያንን መመለስ አያስፈልግም። ልንወስደው የሚገባው ሌላውን ነው፤ ድርሻው ትንሽና የተለካ ነው፤ ተቀባዩ የታወቀ ነው፤ ልጁ ሳያስረክብ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

የማይጠይቅ አስተማሪ

ርክክቡ ሲቀር ምን እንደሚሆን በቅርብ ጊዜ ሁለት ጊዜ አይተናል።

የመጀመሪያው ፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በሳተላይት በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ሥርጭት መከታተል ጀመሩ። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ማንም ይመልስ ማንም አይመልስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። እንግሊዝኛው የፈጠነበት ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም። ትምህርቱ ተሰጥቷል፤ የተረከበው ግን ስንት ተማሪ እንደሆነ ፕላዝማው አያውቅም።

ሁለተኛው ኮሮና ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በአዲስ አበባ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሽት በቴሌግራም ላኩ። ወርክሽቱን በአንዳንዱ ቤት ልጁ ሠራው፤ በአንዳንዱ ቤት እናቱ፣ በሌላው ታላቅ እህቱ ሠራችለት፤ ተመልሶ የተላከው ፎቶ ግን ሁሉም አንድ ይመስል ነበር። ሬዲዮው ጋ ያለው ልጅማ የሚልከውም አልነበረው። ትምህርት ቤቶች በሦስት ዙር፣ ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፈቱ፤ የአዲስ አበባዎቹ የተከፈቱት ጥቅምት 30 ነው። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር አብዛኛው ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል የተዛወረው የዓመት መጨረሻ ፈተና ሳይፈተን ነው።

ትምህርቱ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ልጁ ሄዷል፤ ከልጁ ተመልሶ የመጣ፣ የራሱ መሆኑ የታወቀ ሥራ ግን አልነበረም። ወላጅም ለልጁ መጽሐፍና ስልክ ሰጥቶ «አጥና» ብሎ ሲተወው ያው ፕላዝማው ነው።

መጠየቅ ለምን ይሠራል?

መጠየቅ ሰነፉን ለመያዝ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል። እንዲያውም ጎበዙን ልጅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከዚያ አንዳንዶቹ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ወረቀቱ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተጠየቁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ብልጫው ወደ ሌሎቹ ዞረ፤ ሳያዩ ለማስታወስ የተገደዱት የበለጠ ይዘው ተገኙ።

ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ገጹ ዓይን ስለለመደው ልጁ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይላል። መጽሐፉን ዘግቶ ሲናገር ነው የያዘውና ያልያዘው የሚለየው። ስለዚህ ማታ «ንገረኝ» ያለች እናት ልጇን እየተቆጣጠረች ብቻ አይደለም፤ እያስጠናችውም ነው። የዳዊቱ ተማሪም፣ ሎህ የያዘውም ልጅ ጥናቱ ሳይታተም በፊት ይህን ሲያደርጉት ኖረዋል።

ያልተማረ ወላጅ እንዴት ይጠይቃል?

ወደ ዋናው ነገር መጣን። አብዛኛው ወላጅ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ «ብዙ ነገር» ይላል፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። «አጥንተሃል?» ሲባል ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ከዚህ የሚሻሉ፣ ፊደል የማይጠይቁ መንገዶች አሉ።

አንደኛ፣ ደብተሩን አስዘግተው ያስነግሩት። «ያነበብከውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገረኝ፤ እኔ አላውቀውም» ይበሉት። ቻርሎት ሜሰን የተባለች እንግሊዛዊት አስተማሪ (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ልጆች ያነበቡትን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲተርኩ የሚያደርግ ዘዴ አስፋፍታ ነበር፤ ዛሬም በቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች ይጠቀሙበታል። አለማወቅ እዚህ ላይ ጥቅም አለው። ለሚያውቅ ሰው ልጁ እየዘለለ ይናገራል፤ ለማያውቅ ሰው ግን እያብራራ መናገር ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ በቤት ቋንቋ ይንገርዎ። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በታችኛው ክፍል የአካባቢው ቋንቋዎች አሉ፤ ከፍ ሲል መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ስለ ደም ዝውውር ያነበበ ልጅ ለአያቱ በማጃንግኛ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሊያስረዳ ከቻለ ገብቶታል። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደ ዳዊት ከወረደው ግን ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዘም። ይህን ለመለየት አያት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛ፣ «ለምን?» ይበሉ። «ቅጠሉ አረንጓዴ ነው» ሲል «ለምን?»፤ «ሠራዊቱ ድል አደረገ» ሲል «እንዴት?»። ሁለት ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ «መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» የሚል ልጅ ነገ ተመልሶ ማየት ያለበት ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ደብተሩን በዓይን ይመልከቱ። ማንበብ የማይችል ሰውም ብዙ ያያል። የዛሬው ገጽ የት ተጀምሮ የት አለቀ? ትናንት የነበረበት ቦታ ላይ ምልክት አድርገው ከሆነ ልዩነቱ ይታያል። ስርዝ ድልዝ የሌለበት የሒሳብ ገጽ ያጠራጥራል፤ የሚያስብ ልጅ ይሰርዛል። በመሃል ጽሕፈቱ ከተለወጠ ሌላ ሰው ገብቶበታል።

አምስተኛ፣ ሒሳብ ከሆነ አጠገብዎ በባዶ ገጽ አንዱን ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሮ እንደገና ይሥራው። መልሱን ከጓደኛው፣ ከቴሌግራም ወይም በስልክ ከሚመልስ ማሽን የገለበጠ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። የቤቱ ሥራም ሒሳብ ሞልቶበታል። በሦስት ቀን የተለቀመው ስንት ኪሎ ሆነ? በዛሬው ዋጋ ስንት ብር ነው? ደርቆ ሲመዘን ስንት እጅ ቀነሰ? መቶኛ የተማረ ልጅ ይህን አስልቶ ለአባቱ ቢነግር፣ አባትየው መልሱን በልምድ ስለሚያውቀው ስህተቱን ወዲያው ይይዘዋል።

ስድስተኛ፣ ያልገባውን ይጠይቁት። «ዛሬ ያልገባህ የቱ ነው?» «ሁሉም ገብቶኛል» ተቀባይነት የለውም። በየቀኑ አንድ ያልገባው ነገር ደብተሩ መጨረሻ ላይ ይጻፍ። እነዚያ ጥያቄዎች ተጠራቅመው ቅዳሜ ወይም ትምህርት ሲከፈት ለሚያውቅ ሰው ይቀርባሉ፤ ለመምህሩ፣ ለጎረቤት የኮሌጅ ተማሪ፣ አንድ ክፍል ለቀደመው ልጅ። «አልገባኝም» ማለት የማያሳፍርበት ቤት ውስጥ ልጅ መዋሸት አያስፈልገውም።

ሳምንቱን እንዴት እንደሚያዋቅሩት

አጠያየቁ ከታወቀ ሥርዓቱ ቀላል ነው። አራት ነገሮች ቁርጥ ብለው ይታወቁ፤ ምን ያህል፣ መቼ፣ ለማን፣ በምን ላይ።

«አጥና» መጠን የለውም፤ ስለዚህ አያልቅም፤ ስለማያልቅም አይጀመርም። በለቀማ ሳምንት ላለ የ7ኛ ክፍል ልጅ ለምሳሌ እንዲህ ይሁን። ሰኞ ሒሳብ አምስት ጥያቄ። ማክሰኞ እንግሊዝኛ አንድ ምንባብና አሥር አዲስ ቃል። ረቡዕ ሳይንስ ሦስት ገጽ አንብቦ መናገር። ሐሙስ ሒሳብ እንደገና። ዓርብ አማርኛ አንድ ገጽ ድርሰት። ቀን ቡና ሲለቅም ለዋለ ልጅ ከዚህ በላይ መጫን ራስን ማታለል ነው። በክረምት ወይም ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ በጠዋት የሁለት ሰዓት ተኩል ጥናት፣ በመሃል እረፍት ተደርጎበት፣ ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ይበቃል።

ሰዓቱ ከቤቱ ልማድ ጋር ይታሰር። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ከማለት «እራት ተበልቶ ቡና ሲፈላ» ማለት ይሻላል፤ ሰዓት ይረሳል፣ ቡና ግን አይረሳም። ጀበናው ሲጣድ ደብተሩ ይምጣ። አቦሉ እስኪቀዳ ልጁ ያስረክባል፤ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

ተቀባዩ አንድ ሰው ይሁን። እናትም አባትም ታላቅ ወንድምም ተቀባይ ከሆኑ ማናቸውም አይረከቡም። ልጁ ለእናቱ «ለአባባ አሳይቻለሁ» ይላል፤ አባትየው የሚያውቀው የለም።

ለዚሁ ብቻ የሚሆን አንድ ስስ ደብተር ይያዝ። ቀን፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ የታዘዘው፣ የተሠራው፤ ከአጠገቡ የተቀባዩ ፊርማ፣ መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ ወይም አንድ ምልክት። ቡና ተረካቢው የሚጽፍበት መዝገብ ዓይነት ማለት ነው። ይህ ደብተር በኋላ ርዕሰ መምህር ፊት ሲቀርብ ልጁ በቀረበት ጊዜ ሥራ ፈትቶ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ቅዳሜ ዕለት አዲስ ትምህርት አይሰጥ። የሳምንቱ ክለሳ ይደረግ፤ ሰኞ የነገረውን ቅዳሜ ድጋሚ ይንገር። ስንፍናም ጥንካሬም የሚታየው ያን ጊዜ ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከቤት ውጭ የሆነ ሰው ይመልከተው። የቤት ሰው ዓይኑ ይለምዳል፤ ወይ ያጋንናል ወይ ያጣጥላል። አንድ መምህር ወይም አስጠኚ አጭር ፈተና ቢሰጠው ቤት ውስጥ ያልታየው ይታያል።

ተከራይቶ የሚማረው ልጅስ? ለእርሱ ተቀባዩ ወላጅ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ወላጅ ተቀባይ ያስቀምጥለት። አከራይዋን «እህቴ፣ ማታ ማታ ደብተሩን አሳይ በይልኝ» ብሎ መለመን ነውር የለበትም። አንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት ልጆች ደብተር ተለዋውጠው ይጠያየቁ፤ ፊደል የሚቆጥረውን ዳዊት የደረሰው ያስጠና እንደነበረው ሁሉ። ወላጅ ለገበያ ሲወርድ ስንቁን ከማውረዱ በፊት ደብተሩን ይይ። በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ቀኑ ግን አይዛነፍ።

ሳይሠራ ሲቀርስ?

ይቀራል። የማይቀርበት ቤት የለም። መጀመሪያ ለምን እንደቀረ ይለይ። አቅቶት ነው? ደክሞት ነው? ወይስ አልፈለገም? ላቃተው ልጅ ቅጣት ምንም አያስተምረውም፤ ሥራው ተቆርሶ ይቅለልለት። የደከመው ይተኛ፤ ነገ ጠዋት ይሥራ። ላልፈለገው ደግሞ ቅጣቱ ያው ሥራው ነው። ያልሠራውን ሳይጨርስ ወደ ኳስ፣ ወደ ስልክ፣ ወደ ጓደኛ አይሄድም፤ የነገውም ድርሻ አይቀርለትም። ስድብና ጩኸት አይጨመርበት።

ሁለት ነገር ይከልከል። አንደኛው ዱላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት በአካል ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ መምህር የተከለከለውን ወላጅ መተካት የለበትም። ደግሞም የተመታ ልጅ ደብተሩን መደበቅ ይማራል። ሁለተኛው በሥራ መቅጣት ነው። «ካላጠናህ ነገ ሙሉ ቀን ቡና ትለቅማለህ» የተባለ ልጅ፣ ቤተሰቡ የሚኖርበትን ሥራ እንደ ውርደት ማየት ይጀምራል። ማንበብ የሚጠላ ልጅ ደግሞ ለቀማውን በደስታ ይመርጣል፤ ቅጣቱ ሽልማት ሆነለት ማለት ነው።

ተጠያቂነቱ የልጁ ብቻም አይደለም። ሰኞ ጠይቆ፣ ማክሰኞ ረስቶ፣ ሐሙስ የሚቆጣ ተቀባይ ልጁን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ከታገሡ የሚረሳ መሆኑን። «ቅዳሜ አያለሁ» ያለ ሰው ቅዳሜ ይይ። ካልቻለ ቀድሞ ይናገር፤ «ልጄ፣ ዛሬ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እሑድ ጠዋት አምጣ» ይበል። ልጅ ቃል መጠበቅን የሚማረው ከዚያ ነው።

በሌላ በኩል ከልክ ያለፈ ክትትልም ያበላሻል። በማጃንግ ደን የሚኖር ማር ቆራጭ ቀፎውን ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ይሰቅላል እንጂ ቀን ሙሉ ዛፉ ሥር ቆሞ ንቦቹን አይቆጥርም። የሚወጣበትን ጊዜ ያውቃል፤ በጊዜው ይወጣል። የ7 ዓመት ልጅ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። የ11 ዓመቱ ብቻውን ሠርቶ ማታ ማታ ያሳይ። የ14 ዓመቱ የሳምንቱን ድርሻ ራሱ ያውጣ፤ ቅዳሜ ያስረክብ። ክትትሉ እየላላ ካልሄደ ልጁ ቤቱን ለቆ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚጠይቀው ሲያጣ ግራ ይገባዋል።

ሕጉና ፈተናው

ልጅን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ቤት ማስተማርን በተመለከተ አገሮች ይለያያሉ። በጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት መሄዱ ግዴታ ነው፤ ቤት ማስተማር በአብዛኛው ክልክል ነው። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ቁጥጥሩ ግን ከግዛት ግዛት ይለያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እንኳ አንድ አይደለም። በቨርጂኒያ ቤት የሚያስተምር ወላጅ ዓመቱ ሳይጀመር ያሳውቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ ልጁ ለውጥ ማሳየቱን በፈተና ወይም በግምገማ ያስረዳል። በሜሪላንድ ደግሞ የልጁ ሥራዎች የተሰበሰቡበት መዝገብ ለግምገማ ይቀርባል። መንግሥት እዚያም የሚጠይቀው ያንኑ የእኛን ስስ ደብተር ነው።

የእኛ አገር የትምህርት ሥርዓት የተገነባው በትምህርት ቤት ላይ ነው። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ምዝገባና ማስረጃ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለመቲ ወላጅ የሚበጀው ልጁን ከትምህርት ቤት መዝገብ አለማስፋቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀር ከሆነ ለክፍል ኃላፊው መምህር ቀድሞ መናገር፣ የደረሱበትን ምዕራፍ መጠየቅ፣ ሲመለስም ደብተሩን ይዞ መቅረብ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስብ ወላጅ መጀመሪያ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያነጋግር።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህር እጥረትም፣ ጦርነትም፣ ወረርሽኝም አለበት። ለወላጅ የሚሆነው ትምህርት ግን አንድ ነው። የ12 ዓመት ሥራን በአንድ ሳምንት ፈተና መመዘን ሲመጣ፣ በየቀኑ ያልተመዘነው ሁሉ አንድ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ማረም አይቻልም። የትናንቱን ስህተት ዛሬ ማታ ማረም ግን ይቻላል።

ይህን ሁሉ የጀመረ ቤት መጀመሪያ ሰሞን ይከብደዋል። ልጁ ደብተሩን እየጎተተ ይመጣል፤ እናት ከጀበናው ጋር ትታገላለች፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። አንድ ሁለት ወር ከዘለቀ ግን ልጁ ቀን እያነበበ ሳለ «ይሄን ማታ ስጠየቅ ምን እላለሁ?» ማለት ይጀምራል። ጠያቂው ወደ ውስጡ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ተከራይቶ ቢኖር፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋ፣ ወላጅ ቢርቅ አብሮት ይሄዳል። እናትየውም ይህ መሆኑን የምታውቅበት ምሽት ይመጣል። ጀበናው ገና ሳይጣድ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ይመጣና «እማ፣ ልንገርሽ?» ይላታል።